እሁድ የማይዘጋው መስመር

እስከዳር ለማንም አትበገርም። ፓስፖርቷን ተቀጥራ ትሠራበት በነበረው የማዳሟ ቤት ጥላ የወጣች ዕለት እንኳ ዞር ብላ አላየችም። አሁን እዚያው ዐረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር፣ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል፣ አልጋዋ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ከቤት መውጣት የተከለከሉ ሴቶች እሁድ እሁድ ተሰብስበው የሚያወሩት በእሱ በኩል ነው። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ማዳሟን ታማለች። ምን ይደረግ፣ ሌላ የት ይተንፍሱ!

ታዲያ ያ ኮምፒውተር እሁድ በመጣ ቁጥር ድርቅ ማለት ጀመረ። መብራቱ ይበራል፣ ማንንም ግን አያስገባም። አጥፍታ ታስነሳዋለች፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ድርቅ። በዚህ መሀል ከተማ የሚባለው፣ ሴቶችን ለማዳሞች የሚያስቀጥረው ደላላ ደወለ።

«እስኩ፣ ኸላስ፣ ተይው። ሰው ቀጥሬ ነው የማስዘጋብሽ። የሚመጣውም እሁድ ይዘጋል።»

ነገሩ ከሴቶቹ አንዷ የሆነችው የቀፀላ ጉዳይ ነበር። ሐዝሚዬ ሰፈር ወስዶ ሰው ቤት ያስገባት እሱ ነው፤ ከጠፋች ኪሳራው የእሱ ነው። አሠሪዎቿ ይመቷታል። በሩን ከፍታ መውጣት ትችላለች፣ ግን ያለችበትን እንኳ በቅጡ አታውቅም፣ የሚቀበላትም የለም። ስልኳን ስለቀሟት ማዳሟ ለምሳ ስትወጣ በልጆቹ ታብሌት ትገባለች፤ በቃሏ የያዘችው የዚያን መስመር አድራሻ ብቻ ነው። የሕንፃውን ስም አጣርታ በሚመጣው እሁድ ልትነግራቸው ቃል ገብታለች።

«እስቲ ዝጋና አያለሁ!» አለች እስከዳር፤ ስልኩንም ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልላ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ሺያህ ሰፈር፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሙህዲን ዘንድ ከች አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀት የለሽም! ፖሊስ ቢይዝሽስ?»

«ይያዘኛ! አንተ እሱን እየው።»

ሙህዲን ሲፈትሸው ቆየና ሳቀ። «ሌባ አልገባብሽም። ሲስተሙ ክፍተት አለበት። ሆን ተብላ የተበላሸች አንዲት መልእክት ከውጭ ከመጣችበት፣ ኔትወርኩን የሚያስተናግደው ክፍል ይፈዛል፤ ያኒ፣ ማንም አይገባም። ማስተካከያው ከወጣ ቆይቷል። አንቺ ነሽ አልጭንም ያልሽው።»

እውነቱን ነው። ኢንተርኔቱ ለሴቶቹ ወሬ ይትረፍ ብላ ማሻሻያውን ሁሉ የዘጋችው ራሷ ነበረች። አፈረች፣ በራሷም ተናደደች።

«ያላ፣ ጫነው!» አለችው።

እሁድ ሴቶቹ ገብተው ሲንጫጩ ደላላው የቀጠረው ሰው ያቺኑ የተበላሸች መልእክት ላከ። ደግሞ ላከ። ስክሪኑ ላይ ይታያል። ኮምፒውተሩ ግን ፍንክች አላለም። ከተማ ደወለ፤ እስከዳር ስሙን አይታ እስኪበቃው ይጩህ ብላ ተወችው።

ከዚያ የቀፀላ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ። የሕንፃውን ስም ነገረቻቸው፣ ከሥሩ ያለውንም ፋርማሲ።

«እስኩዬ፣ ፈራሁ» አለች።

እስከዳር የክፍሉን ቁልፍ ይዛ ቆማ ነበር።

«ፍሪ» አለቻት። «እየፈራሽ ጫማሽን አድርጊ። መጣን።»