ሆዳም ጊታር ስጠግን

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ነገር የአለቃዬን ጣት ከጊታር ሆድ ውስጥ ማውጣት ነው።

ኦቦ ለሚ ይባላሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ዓለም ገና ላይ ሬዲዮም ቴፕም ጊታርም ይጠግኑ ነበር። እኔ እሳቸው ጋ የተሠራ ካውያዬን ልወስድ ነው የገባሁት። ሰውዬው ሁለት ጣታቸው የጊታሩ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ላብ በላብ ሆነዋል። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከምትስቂ ሳሙና አምጪ!» አሉኝ።

በሳሙና አሙለጭልጬ አወጣሁላቸው።

ያ ጊታር እኔ ሆዳም የምለው ዓይነት ነው። ደረቱ ጎበጥ ያለ፣ ውስጡ ባዶ፣ ግራና ቀኙ ላይ እንደ ቀጭን እባብ የተጠማዘዙ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት፣ በኤሌክትሪክ የሚጮህ። ድምፅ መጨመሪያውም ገመድ መሰኪያውም ሆዱ ውስጥ ነው የሚታሰሩት። ከኋላ የሚከፈት በር የለውም። ሲበላሽ መግቢያው መውጫው ያቺ ጠባብ ቀዳዳ ናት። የኦቦ ለሚ ጣት ደግሞ ካሮት ነው የሚያህለው።

«ለምን በክር አስረው አይስቡትም? ላስቲክ በጉርድ ወገብ ውስጥ እንደምናሳልፈው?» አልኳቸው።

ሳሙናውን ከጣታቸው እየጠረጉ «ነገ ነዪ» አሉኝ። ነገ መጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ከሙያው አልወጣሁም።

መጀመሪያ ጠራጊ ነበርኩ። ቀጥሎ ስታኞ፣ የሚቀልጠውን የብየዳ ሽቦ፣ ያዥ ሆንኩ፤ እሳቸው ሽቦውን ሲበይዱ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጭሱን እጠጣለሁ። በመጨረሻ ብረቱን ሰጡኝ። ብረት ማለት ክር የሚወጥሩትን ቁልፎች መቀየር፣ የተሰበረ ጭራ መሥራት፣ የላላ ማጥበቅ ነው። ሹመቱ ከፍቅር የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዓይናቸው ደክሞ ነው። አሁን የእኔም ተራ ደርሷል፤ ብሎን ሲወድቅብኝ የምፈልገው በዓይኔ ሳይሆን በመዳፌ ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ስድቡን እየቀነሰችብኝ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

ኦቦ ለሚ ካረፉ በኋላ ዕቃውን ይዤ ሰበታ ገባሁ። ሱቄ ጠባብ ናት። ከፊቷ ባጃጅ ይሰለፋል፣ አቧራው ብረት በማስርበት ሞርሳዬ ላይ ይተኛል። ጉልበቴ ከበሩ ማጠፊያ ብሶ ይንቋቋል። አንዳንድ ጠዋት መዝጊያውን ገና ሳልከፍተው ብዘጋው ብዬ አስባለሁ። ልክ እንደዚህ ባለ ጠዋት ነው ሙሉጌታ የመጣው።

ሙሉጌታ ቡራዩ የሚኖር የሰርግ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ይለዋል፣ ፀጉሩ ጥጥ ነው፤ ለእኔ ግን ልጅ ነው።

«አካም ጂርቱ አዴ ዓለሚቱ፣ ደኅና አደሩ?»

«ደኅና የሚያድርማ አልጋው ላይ አለ። ምን ሰበርክ?»

ጭራው ነው። ጭራ የምንለው የክሮቹ ጫፍ የሚታሰርበትን ከበስተኋላ ያለውን ብረት ነው። ማጠፊያው ላይ ተገንጥሏል። ድሮ ተበይዶ ነበር፣ ብየዳው ነው የለቀቀው።

«ለእሁድ ይድረስልኝ። ሱሉልታ ሰርግ አለን፤ ከዚያ በኋላ እሸጠዋለሁ» አለኝ።

«ለምን? አገባህ?»

አልሳቀም። ነገሩን የነገረኝ መሬት መሬት እያየ ነው። የባንዱ አለቃ ናቲ የሚሉት ወጣት ነው። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ጆሮዎ ደክሟል፣ ከዘፈኑ ወጥተው ነው የሚጫወቱት፤ ከእሁድ በኋላ ይረፉ» ብሎታል።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እውነቱን ነው። እኔም እሰማዋለሁ፣ ይወጣብኛል። ጆሮዬ ሄዷል አዴ።»

እኔ የደከመ ሰው አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አገኛታለሁ። ሰውዬው ደክሞት አልነበረም የመጣው፤ ተስፋ ቆርጦ ነው። ልጅነቱን በሙሉ በዚያ ጊታር ነው ያሳለፈው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ከሄደ በኋላ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። የሆነ ነገር ደስ አላለኝም፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ገባኝ። ጭራው ተሰብሮ ክሩ ሁሉ ረግቧል፤ ብሪጁ ግን እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ብሪጅ ማለት ክሮቹ የሚረግጡት እንጨት ነው። በሌላ ጊታር ይጣበቃል፣ በብሎን ይታሰራል። በሆዳሙ ላይ ግን የያዘው ምንም የለም፤ ክሩ ነው ተጭኖት የሚያቆመው። ክር ሲረግብ ይወድቃል። መውደቅ አለበት።

ስልክ ደወልኩለት። «ብሪጁን ማን ነካው?»

«ያኔ ጭራው መጀመሪያ የተሰበረ ጊዜ ወደቀ። ጎረቤቴ አናጺ ነው፣ ዳግመኛ እንዳይወድቅብህ ብሎ በኮላ አጣበቀልኝ።»

ደግ ሰው ኮላ ሲይዝ እንዴት ያስፈራል!

ከዚያ በፊት ግን ጭራው። ከአሮጌ ቁም ሳጥን የወለቀ የነሐስ ማጠፊያ ነበረኝ። በሰጌቶ ቆረጥኩት፣ በሞረድ አለሰለስኩት፣ በትራፓኖ ለክሮቹ በሳሁት። በብየዳ ያልሠራሁት አውቄ ነው፤ ብየዳ ድርቅ ይላል፣ የክር ጉተታ ግን መታጠፍ የሚችል ነገር ይፈልጋል።

ብሪጁ ነው ወገቤን የቆረጠው። ቀጭን ቢላዋ ምድጃ ላይ ሞቅ አድርጌ ከእግሩ ሥር ማስገባት፣ ሲቀዘቅዝ ማውጣት፣ እንደገና ማሞቅ። ከቸኮልኩ የጊታሩ ደረት አብሮ ይላጣል። ያን ቀን ምሳዬንም ረሳሁ፤ እኔ ምሳ የምረሳ ሴት አይደለሁም። ሊመሽ ሲል ቋ አለ። ደነገጥኩ። ሳየው የለቀቀው ኮላው ነው፣ ደረቱ ደኅና ነው።

ጠዋት ሙሉጌታን ጠራሁትና ፊቱ ክሩን ወጥሬ ብሪጁን ቦታው ፈለግኩለት። ክሩን እኩሌታው ላይ በጣት ጫፍ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ትመታላችሁ፤ ከዚያ እዚያው ላይ ጫን አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ሁለቱ ድምፅ እኩል እስኪሆን ብሪጁን ገፋ፣ መለስ። አናጺው ወደ ጭራው አርቆ ነው ያጣበቀው። ስለዚህ ጫን በተባለ ቁጥር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር።

«በል ተጫወት» አልኩት።

ተጫወተ። ወጣ! አሁንም ከዘፈኑ ወጣ። ያውም አሁን ከፍ ብሎ።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኛው። «አላልኩዎትም? ጆሮዬ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልቤ ስንጥቅ አለ። አንድ ቀን ሙሉ ወገቤን ሰጥቼ... ወንበሬን ወደ ጣቱ አስጠጋሁ።

«እስቲ ድገመው። ቀስ ብለህ።»

ደገመው። «ክሩን ለምንድን ነው ወደ ጎን የምትጎትተው?»

«ኧረ አልጎተትኩም።»

«ጎትተሃል። እያየሁህ? ዓይኔ ቢደክም ይህን ያህል አልታወርኩም። ቁልቁል ብቻ ጫን። ሰነፍ ሁን። ልክ የቤት ሥራ እንደታዘዘ ባል።»

ሳቀ። ሰነፈ። ድምፁ ገባ።

ደገመ፣ ገባ። ሌላ ዘፈን ሞከረ፣ ገባ። ያኔ ነገሩ ለሁለታችንም ተገለጠ። ብሪጁ ከተጣበቀ ጀምሮ ዝቅ ያለውን ድምፅ ጣቱ ክሩን እየጎተተ ሲያነሳለት ኖሯል። በአንድ ክር ሲጫወት ይችላል፤ ብዙ ክር አንድ ላይ ሲይዝ ጣት ከየት ይምጣ? እዚያ ላይ ነው ናቲ የሰማው።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ጆሮህ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጣትህን ጎትት ያለው ማነው?»

ዓይኑ ሞላ።

«ማልቀስ ካማረህ ወደ ውጭ። ብረቱ ይዝግብኛል።»

ሰኞ ደወለልኝ። ናቲ ከሰርጉ መሐል ጠጋ ብሎ «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ጊታር ቀየሩ እንዴ?» ብሎታል። አልቀየርኩም፣ አለው። ናቲም ሲጨርሱ «የሚቀጥለው ጫንጮ ነው፣ በጠዋት ነው የምንወጣው» ብሎት ዕቃውን መጫን ጀመረ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ሙሉጌታን ግን በቃው።

እኔ ያን ሳምንት ወገቤን ታስሬ ተኛሁ። ሱቁም ተዘግቶ ከረመ።

እናንተ ገና ሞረድ የያዛችሁ ልጆች፣ ሆዳም ጊታር ሲመጣላችሁ የባለቤቱን ወሬ በኋላ ስሙት። በፊት ክሩን አላሉና ብሪጁን በጣት ገፋ አድርጉት። ካልተነቃነቀ ተጣብቋል።