ስሙ የጠፋብን መጽሐፍ

ባለፈው ክረምት ነቀምቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ባኬ ጃማ፣ አንድ ያረጀ ልቦለድ ስገልጥ፣ የደረቀ የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶ ወደ አዴ ጫልቱ ጠረጴዛ መለሰኝ። አዴ ጫልቱ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ካልተሳሳትኩ በአረንጓዴ ክር።

በዝናባማ ከሰዓቶች አንድ የበቅሎ ነጋዴ ታሪክ በየተራ ጮክ ብለን እናነብላቸው ነበር። የመጽሐፉ ሽፋንም የርዕስ ገጹም ተገንጥለው ነበር። ነጋዴው ከሞላ ወንዝ ዳር በቆመበት ምዕራፍ ላይ ሳለን፣ ርዕሰ መምህሩ ርዕስ የሌለው መጽሐፍ ስለማይመዘገብ ለገበያ በርበሬ መጠቅለያ ይውጣ አሉ። ሰውዬው መሻገሩን ሳናውቅ ልንቀር ነው ብለን የቤተ ዘመድ ሐዘን ያህል አዘንን።

አዴ ጫልቱ ርዕሱን ፍለጋ ከተማውን አዳረሱ። መጽሐፉን በወጣትነታቸው ያነበቡ አንድ መሪጌታ አንድ ስም ነገሯቸው፤ የጨለለቂ ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ ሌላ፤ አባቴ ደግሞ በጎጃምኛ ቅላጼው ከሁለቱም የማይገጥም ስም ምሎ ተናገረ። በመጨረሻ አዴ ጫልቱ ንጹሕ ወረቀት ዘርግተው፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ርዕስ ከላይ ሲሶው ላይ ይቀመጣል፣ ደራሲው ከሥሩ፤ ከዚያ ገጹ ይተንፍስ» እያሉ ክፈፍ አሰመሩኝ። ውስጡን ባዶ ትተው ከግርጌው «የሚያስታውስ በእርሳስ ይጻፍበት» ብለው ጻፉበት፤ በካታሎጉ ካርድ ላይ ደግሞ «ስሙ እስኪገኝ»።

ርዕሰ መምህሩ ካርዱን አይተው፣ «ስም የሌለው የት ይደረደራል?» አሉ።

«ስሙ ለጠፋብን እንግዳ ወንበር እንነፍጋለን እንዴ፣ ጌታዬ?»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁና ፈረሙ። የበቅሎ ነጋዴውም በሚቀጥለው ሳምንት ወንዙን ተሻገረ።

ባለፈው ክረምት የገለጥኩት ያንኑ መጽሐፍ ነበር፤ እነሆ ያ ገጽ። ቀይ ነው ስል የኖርኩት ክፈፍ ሰማያዊ ነው። ውስጡ በአማርኛም በኦሮምኛም በእርሳስ በተጻፉ ርዕሶች ተጨናንቋል፤ ጥግ ላይ የእኔ ጠማማ የልጅነት ጽሕፈት አለ፤ እሱም ቢሆን ለልጆቼ እርግጠኛ ሆኜ ስነግራቸው ከኖርኩት ርዕስ ጋር አይገናኝም።

መጻሕፍቱን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ወጣት፣ «ጋሼ፣ የርዕሱ ቦታ ባዶ ከሆነ አይቀበለኝም፤ ከእነዚህ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ካርዱ ላይ ያለውን» አልኳት።

ጻፈች፤ ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበላት። መጽሐፉ «ስሙ እስኪገኝ» ተብሎ ተመዘገበ። አዴ ጫልቱ በሕይወት ኖረው ቢሰሙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ በሳቁ ነበር። እኔም እየሳቅኩ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን፣ በኮምፒውተሩ ዘንድ ስም ለተገኘለት መጽሐፍ ከእንግዲህ እርሳሱን የሚያነሳ ልጅ እንደማይኖር ገባኝ።