የጎሚስታው ባልዲ

የልጅ ልጆቼ የጥይት እርሳስ በጥርሴ የነከስኩበትን ታሪክ ንገሪን እያሉ ስልካቸውን አፌ ስር ይደቅናሉ። ሊስቁብኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አላቸው። ያኔ ለእኔ የሚያስቅ አልነበረም፤ ግን እሺ።

ባለቤቴ ታክሲ መንዳቱን ካቆመ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኢላማ ተኩስ ይሄድ ጀመር። እሱስ ደህና ነው፤ ቤት ተጎልቶ ከሚያኮርፍ ይተኩስ። ኋላ ሱቁ ውስጥ ጥይት ጠፋና ራሳችን እንሥራ ተባባሉ። አንደኛው ጓደኛው ጓሮው ውስጥ ያቀልጣል፣ የእኔው ሰውዬ እርሳሱን ያመጣል። ከየት? ከጎሚስታ። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ጫፍ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ የተጣለውን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው ጎሚስታ በባልዲ ተሸክሞ መጣ። ለካ ሁሉም እርሳስ አይደለም! ግማሹ ተራ ብረት፣ ግማሹ ዚንክ። ብረቱን ማግኔት ይለቅመዋል። ዚንኩ ግን ቁርጥ እርሳሱን ነው የሚመስለው፤ አንድ ፍሬ ከገባ ደግሞ የቀለጠው ሁሉ እንደ ጓጎለ ገንፎ ይሆናል እያለ ያስጠነቅቀኛል። እኔን ምን አገባኝ? ለቃሚዋ እኔ ነኛ! የእሱ ወገብ አያጎነብስም።

"ዓይነቱ ላዩ ላይ ተጽፎልሻል እኮ" ይለኛል።

"ለማን ነው የተጻፈው? ፊደል መቁጠሬን መቼ ሰማህ?"

"እንግዲያው በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጊው። ከለሰለሰ እርሳስ ነው።"

ፒንሳው ለእኔ እጅ አይታዘዝም፤ አንጓዬን አሳመመኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ወርቅ ስትገዛ ነጋዴው ፊት ጠርዙን ነክሳ ነበር የምታውቀው። ጥርስ ከገባበት ደህና ወርቅ ነው። እኔም በቀሚሴ ጠረግ አደርግና ነከስ፤ የጥርስ ምልክት ከያዘ ወደ ጣሳው፣ እምቢ ካለ ወደ ቆሻሻ። እንዴት እንደፈጠነልኝ! ባለቤቴ እንኳ "አንቺ ሴትዮ፣ ጎበዝ ወጣሽ" አለኝ፤ ዘዴዬን አላየም።

ልጄ ካልቨር ሲቲ ነው የምትሠራው፤ የአንድ ዓመት ልጇን ጠዋት ጠዋት ለእኔ ትሰጠኛለች። ቀኔ ማለት ያ ሕፃን ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ? አንድ ቀን ከሥራ ቀድማ መጣች። እኔ የኋላ ደረጃው ላይ፣ ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣ አፌ ውስጥ እርሳስ።

"እማዬ! ትፊው! አሁኑኑ ትፊው!"

"ቀስ በይ፣ ሕፃኑን ትቀሰቅሺዋለሽ።"

"መርዝ ነው እኮ! በዚህ አፍሽ ነው ልጄን የምትስሚው?"

"አልዋጥኩት!"

"አባዬ! ና እስኪ፣ ሚስትህ የምትበላውን እይ!"

ወጥቶ እኔን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ "ፒንሳ ሰጥቻት ነበር" አለ። ያንኑ ፒንሳ ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ልጄ የሕፃኑን እጅና ፊት አጥባ ይዛው ሄደች። የሁለታችሁም የደም ምርመራ ውጤት ሳይመጣ አላመጣውም፤ እርሳሱ ከፍ ካለ ደግሞ ሕፃናት ማዋያ ዴይኬር ይገባል፣ ኦኬ? አለችኝ። ኦኬው የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም። አምስት ቀን የሕፃኑን ባዶ አልጋ እያየሁ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በመሃል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እስኪ ይቺን እያት፣ ዚንክ ናት?" ሰው እንዲህም ይሆናል! ባልዲውን ራሴ አንስቼ፣ መንገድ ላይ ሦስቴ አርፌ፣ ጎሚስታው በር ላይ ጥዬው መጣሁ።

ውጤቱ መጣ። ሕፃኑ ንጹሕ ነው። እኔ ላይ ትንሽ ተገኘ፤ የሚያሰጋ አይደለም ተባልኩ። ሰኞ ጠዋት መልሳ አመጣችው፤ ግን አልሳመችኝም። በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ አቀበለችኝና ሄደች። ልጄ እኔን እንዲህ? እያልኩ ስንት ዓመት አኩርፌአለሁ።

ዘንድሮ አብረን ልብስ ስናጣጥፍ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ያን ሳምንት ሁለተኛ ልጇን ማርገዟን ገና ማወቋ ኖሯል፤ እርሳሱ ለጽንሱ እንዳይተርፍ ፈርታ የራሷንም ደም አስመርምራ፣ ለማንም ሳትናገር ውጤቱን ብቻዋን ስትጠብቅ ነበር።