የግርማ ወረቀት

ባለፈው እሑድ ገላን ኮንዶሚኒየም ልጄ ቤት ምሳ በልተን ስናበቃ፣ የልጅ ልጄ ሰላም ኮምፒዩተሯን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ዕቃ ንድፍ ትሠራለች። ከላይ አራት ማዕዘን፣ ከታች ክብ አስቀመጠችና «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ» ብላ አንድ ነገር ነካች። አራት ማዕዘኑ እየለሰለሰ፣ እየለሰለሰ ወርዶ ክብ ሆነ። የት ጋ እንደተጋጠሙ አይታይም። እሷ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ ከእጇ አላወረደችም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቅናት ነው፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙ ሳይርቅ፣ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ላሜራ ክፍል እኔና ግርማ የቀን ሠራተኞች ነበርን። ያደግነው አንድ ሰፈር ነው፤ ትምህርት ያቋረጥነውም በአንድ ዓመት። የእሱ እጅ ግን ሌላ ነበር። እኔ ሦስቴ መትቼ የማላስተካክለውን ላሜራ እሱ አንዴ ነካ አድርጎት ያልፋል። ሲሠራ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ሳይቀር ያበግነኝ ነበር። ምሳ ስንበላ የእሱ ሽሮ ከእኔ ሽሮ የሚጣፍጥ ይመስለኛል፤ እናቶቻችን ግን የሚያስፈጩት አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ቅናት ዓይንን ብቻ ሳይሆን ምላስንም ያበላሻል።

ክረምቱ ሲገባ ካቦአችን ጋሽ ወልዴ ከሁለታችን አንዳችን ቋሚ እንደምንሆን ነገረን። የቀን ሠራተኛ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዘበኛው «ዛሬ የለም» ካለው በመጣበት ጭቃ ይመለሳል። ቋሚ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል። ስንዴ ከአራት ማዕዘን ሣጥን ወደ ክብ ቱቦ የሚያወርድ ማገናኛ እያንዳንዳችን እንድንሠራ ታዘዝን።

እኔ ሣጥን ሠርቼ ሥሩን ክብ አድርጌ በሳሁት። ጋሽ ወልዴ እፍኝ ስንዴ ጨመረበት። ግማሹ አራቱ ማዕዘን ላይ ቁጭ አለ። «ይኼ እህል ያስቀምጣል እንጂ አያወርድም» አለና እስከ ማታ እንድደግመው ነገረኝ።

የግርማን ሄጄ አየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ሰደድኩበት። ማዕዘኑ የት እንዳለቀ፣ ክቡ የት እንደጀመረ መዳፌ አጣው። ዕቃ ሲያምር ያን ያህል እንደሚያስጠላ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

በምሳ ሰዓት እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ የዕቃ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ወረቀት አገኘሁ፤ የማገናኛው ልክ ነው። ከማዕዘኖቹ ወደ ክቡ የሚወርዱ ቀጫጭን የእርሳስ መስመሮች ነበሩበት። ላሜራ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን ጫርኩና ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ጫፍና ጫፉን ደርቤ በየድኩት። አምሮ ነበር። እኔም ማፏጨት ጀመርኩ።

ጋሽ ወልዴ አንስቶ ቱቦው ላይ ሲሰካው ግን እምቢ አለ። ጠበበ። ለካው፤ ሁለት ጣት ይጎድላል። ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ ከዚያ የግርማን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ግርማ ለመደራረቢያው የሚሆነውን ወረቀቱ ላይ አያስገባም፤ ላሜራው ላይ ሲቆርጥ ነበር የሚጨምረው። እኔ በምን ልወቀው?

«ይኼ ያንተ ልክ አይደለም እንዴ?» አለው ግርማን።

በስርቆት ከተያዝኩ እንኳን ቋሚነቱ፣ የቀን ሥራውም ቀረ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ ግርማ። «ሁለት ጣት ጨምርበት ማለቱን ረሳሁት።»

«ረሳኸው?»

«ረሳሁት፣ ጋሽ ወልዴ።»

ቋሚ የሆነው እሱ ነው፤ የሚገባውም ለእሱ ነበር። ማታ በሐዲዱ ዳር አብረን ስንሄድ ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ፤ መስመሮቹ እንዴት እንደሚሰመሩም እየበላን አስረዳኝ። እያንዳንዷን ቃል ያዝኩ፤ አመሰግናለሁ ግን አላልኩም። ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን የምቀናው በእጁ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በልቡም ቀናሁ፤ ይኼኛው ደግሞ የባሰ ነው። ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ትቼ ሳሪስ ሄድኩ፤ ውሎ አድሮም የራሴን ላሜራ ቤት ከፈትኩ።

እሑድ ዕለት ሰላም በእጅ እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ወረቀት አምጥታ እርሳስ ሰጠችኝ፤ መስመሮቹን አሰመርኩላት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ማን አስተማረዎት፣ አባባ?»

«ራሴ ነኝ» አልኳት። ሳሪስ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለጠየቀኝ የምሰጠው መልስ ነው። አመነችኝ፤ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው።

ግርማ ካረፈ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ሰዉ ስለ ደግነቱ ሲያወራ እኔ የወረቀቱን ነገር ሳልናገር ተመለስኩ። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ? ይቀናል። የዚያች ልጅ መሳም ለማን እንደሚገባ እያወቅሁ እንኳ አሳልፌ መስጠት አቃተኝ።

የምጭረውን ሁሉ ፊደሉን የምታርምልኝ ሰላም ናት። ይህንንም ነገ እሰጣታለሁ። ስታነበው ግን አጠገቧ አልቀመጥም።