«ምንም የለባትም»

ጆቬሊን በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቁልፏን ክፍሏ ውስጥ ትታ በሩን ዘግታ ወጥታለች። ቁጥሩን በትክክል የማውቀው አራቱንም ጊዜ የከፈትኩላት እኔ ስለሆንኩ ነው። ታይላንድ፣ ኮን ኬን በምትባል ከተማ አሥራ ስድስት የኪራይ ክፍሎች እጠብቃለሁ፤ ማቀዝቀዣም እጠግናለሁ። ሁለታችንም የፊሊፒንስ ሰዎች ነን፣ ከኢሎይሎ። እኔ ወደ ታይላንድ ከመጣሁ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎኛል። የታይ ፊደል የለየሁት በሃምሳ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ፣ ከማቀዝቀዣ ካርቶን ላይ ነው።

ጆቬሊን ሳይንስ ታስተምራለች። ስለ ልብ የምታስተምር ቀን ከገበያ የአሳማ ልብ ገዝታ ጠረጴዛ ላይ ትከፍተዋለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ የላትም። እሷን የሚያሸንፋት ወረቀት ነው። የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ የጋራ ታክሲ ውስጥ ትታ ወርዳለች። የውጭ አገር ሰው በየዘጠና ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ እሷ ሦስት ጊዜ ቀኑን አሳልፋ ተቀጥታለች። ቀኑን በትልቁ በቀይ ጽፌ ግድግዳዋ ላይ ብለጥፍላት ፎጣ ሰቀለችበት።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠራት። «መምህርት፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ውል እናድሳለን። እስከዚያ አንድ ነገር ከጠፋ ግን አናድስም» አላት፣ ፈገግ እንዳለ። ውል ከሌለ ቪዛ የለም። ቪዛ ከሌለ ደግሞ ሻንጣ ማንሳት ነው።

በዚያው ሰሞን ለመምህራን ሥልጠና ተሰጠ። ሐሳባቸውን አንድ ቦታ ማሳረፍ ስለሚያቅታቸው ልጆች ነበር፤ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ይሉታል። አንድ ተማሪዋን እያሰበች ከምልክቶቹ ሥር ስታሠምር፣ ያሠመረችው ሁሉ የራሷ ሆኖ አገኘችው። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ሰነፍ ነሽ ያለሽ ማነው?»

«ሁሉም። እርስዎም ባለፈው።»

ብያት ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ከዚያ ከመጋቢት በፊት መድኃኒት ለማግኘት መንከራተቱ መጣ። የመጀመሪያው ሐኪም «ይህ የልጆች ሕመም ነው፤ አንቺ ደግሞ ዲግሪ አለሽ» ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈላት። ሁለተኛው አመናት፤ ነገር ግን ክሊኒኩ መድኃኒቱን አይዝም። ፋርማሲ ሄዳ ስትጠይቅ ባለሙያዋ ሌባ ያየች ይመስል አፈጠጠችባት፤ ለካ ከሆስፒታል ሐኪም እጅ ካልሆነ አይገኝም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትሄድ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ሰጧት። ቀጠሮውን በአንድ ቀን አሳለፈችው፤ ሌላ ሁለት ወር ጨመሩላት። የሚረሳ ሰው ለመታከም የሚጠበቅበት አለመርሳት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣውን ሰው አግኝቼ ባነጋግረው ደስ ባለኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ እኔው ራሴ ይዣት ሄድኩ። ዶክተር ፒምቻኖክ የተረጋጋች፣ ሰው የምታዳምጥ ሴት ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠይቃት ቆይታ፣ «አሁን የሚቀረኝ በልጅነትሽ የሚያውቅሽ ሰው ነው። ምልክቶቹ ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ በፊት መታየታቸውን ከሌላ ሰው መስማት አለብኝ» አለቻት። የጆቬሊን እናት ወይዘሮ ኢሉሚናዳ የምትኖረው ኢሎይሎ ነው፤ ከአገራችን ቋንቋ ሌላ አታውቅም። ጆቬሊን ደግሞ በራሷ ጉዳይ አስተርጓሚ መሆን አትችልም። ስለዚህ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

በእኔ ስልክ፣ ድምፁን ከፍ አድርገን ደወልን። እናትየው የምትጠይቃት ሐኪም መሆኗን ስትሰማ ድምጿ ተስተካከለ።

«በልጅነቷ ዕቃ ይጠፋባት ነበር ወይ ይላሉ» አልኳት።

«የኔ ልጅ? በጭራሽ! ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ እርሳስ ነው የተማረችው።»

«እማዬ!» አለች ጆቬሊን። ሐኪሟ በእጇ ዝም አሰኘቻት።

«ቁጭ ብላ ታጠና ነበር?»

«እንደ ሐውልት!»

«ሰው ሲናገር ታቋርጥ ነበር?»

«ምንም የለባትም ጋሼ። ለዶክተሯ ይንገሩልኝ፣ ምንም የለባትም። ሳልም የለባትም። የሳንባ ነገር በዘራችንም የለ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከአገራችን ለሥራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከመሄዱ በፊት ሳንባው ሳይቀር ይመረመራል፤ አንዲት እንከን ከተገኘችበት ይቀራል። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቅ «የለም» ማለትን ሕፃን አዋቂው ያውቃል። እናትየው ልጇን ከመባረር እያዳነች ነበር።

ጆቬሊን ዓይኗን ተክላብኛለች። ሐኪሟ ከአገራችን ቋንቋ አንድ ቃል አትሰማም፤ ያልኩትን ትጽፋለች። እኔ የሰማሁትን ተረጎምኩ፤ እርሳሱንም፣ ሐውልቱንም። ከዚያ «ዶክተር፣ ሴትዮዋ የሥራ ምርመራ መስሏታል፤ ፍቀዱልኝና ላስረዳት» አልኩ።

«አባት፣ እርስዎ ካስረዷት በኋላ የምትሰጠው መልስ የእርስዎ እንጂ የእሷ አይሆንም። ዛሬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ።

ቅጹ ላይ ያለው አሥራ ስምንቱም ጥያቄ «የለም» ተብሎ ተሞላ። ያለ ምስክር መድኃኒት አልጽፍም አለች።

ደረጃው ላይ ጆቬሊን ቆም ብላ፣ «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ቢቀይሩልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«የሰው ቃል አልቀይርም።»

«እንግዲያው ቃልዎን ይዘው ይቀመጡ። እኔ ሻንጣዬን ልያዝ።»

ከሰዓት በኋላ እናትየው ለእኔው ደወለች።

«ጋሼ፣ አለፈች?»

«ምኑን?»

«ምርመራውን ነዋ!»

«ወይዘሮ ኢሉሚናዳ፣ ልጅዎ እኮ ሕመምተኛ ተብላ መድኃኒት እንድታገኝ ነበር የምንለፋው።»

የጎረቤት ዶሮ በስልኩ ይሰማኛል። ከዚያ ጉድ ፈሰሰ። ዓሣ እንድትገዛ ገበያ ተልካ የሰው ፍየል ስትከተል ውላ ባዶ እጇን መግባቷን፣ በአንድ ክረምት አምስት ጃንጥላ መጣሏን፣ ጸሎት እስክትጨርስ በጨርቅ ከወንበር ጋር ትታሰር እንደነበር። «መምህሯ ጥግ ላይ ብቻዋን አስቀምጣት ነበር። እኔ ለአባቷም አልነገርኩት።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገሩም?»

«ለሰው አገር ሐኪም የልጄን ነውር ልዘርዝር? ምን ነካዎት ጋሼ! በሉ አሁን ለዶክተሯ ደውሉላት፣ እስከ ፍየሉ እነግራታለሁ።»

ሐኪሟ በስልክ ስለማትገኝ ሁሉንም በራሴ እጅ በታይኛ ሁለት ገጽ ጽፌ በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ነርስ ወረቀቱን አንብባ ሳቀች፤ ፍየሉ ጋ ስትደርስ ጓደኛዋንም ጠራች። ከዚያ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሐኪሟ በራሷ ጆሮ መስማት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ ቀጠሮ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክፍት ቀን ሰኔ አሥራ ሁለት ነው።

«ልጅቷ መጋቢት ላይ ውሏ ያልቃል!» አልኩ። እንደጮህኩ ያወቅሁት ወረፋ ላይ ያሉት ሲዞሩ ነው።

«ሁሉም ሰው የሚቸኩልበት ነገር አለው፣ አባት» አለችና ቀጣዩን ጠራች።

ቀጠሮውን አምጥቼ ለጆቬሊን ሰጠኋት። ቀኑን አየች፤ በጣቷ ወሩን ከወሩ ቆጠረች። አላለቀሰችም።

«ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ላነጋግረው። እስከ ሰኔ ይታገስሽ» አልኳት።

«እባክዎን አባባ፣ ተዉት» አለችኝ። «እርስዎ ሄደው እውነቱን ይነግሩታል።»