ከወንዛችን የመጣ ጭቃ

ባሌ ራዲያተር በያጅ ነበር። ኮልፌ፣ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ቤታችን ፊት ለፊት ካለች የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ይሠራል። ትልልቅ ጋራዦች "አይሆንም፣ አዲስ ግዙ" ብለው የመለሱት ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከወልድያ ወዲያ ካለች መንደር ተድሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከተማው ውስጥ ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀምሯል።

መኪናዋ የመጣችው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በጭነት መኪና ተጎትታ ነው። እንደ ቤት ነበረች፤ ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ ሁሉ አላት። ባለቤቶቿ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ናቸው። ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ከአስመራ ወደዚህ ሲወርዱ ሞተሩ እየፈላ አስቸገራቸው፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ጨርሶ እምቢ አለ። አዲስ ራዲያተር ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወር ጠብቁ ቢባሉ ጊዜ፣ የሆነ ሰው ወደ ባሌ ላካቸው።

ባሌ እንግሊዝኛ አይችልም። እኔ ደሴ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ነበርና "እስቲ ነይ አስተርጉሚልኝ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው መጋረጃው ላይ ነው። በዚያ ፀሐይ መጋረጃዎቹ በሙሉ ተዘግተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ በመርፌ ቁልፍ ተያይዘዋል። ሴትዮዋ ከውስጥ አልወጣችም። ቀጥሎ የመኪናዋን ጎን አየሁ። አቧራው ላይ የሰው መዳፍ ታትሞበታል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ከፊተኛው በር እስከ ኋላ፣ መስኮቶቹ ሥር፣ አንዱ በሌላው ላይ። የሰፈራችን ልጆች ነካክተዋት ይሆናል ብዬ ጠጋ አልኩ። አቧራው የኮልፌ አቧራ አይደለም፤ ነጣ ያለ፣ ደርቆ የተጋገረ ነው። መዳፎቹም የልጅ ብቻ አይደሉም።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት ሰውዬውን።

"መንገድ ላይ ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

ባሌ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን ፈታው። የውሃ መተላለፊያ ጎማዎቹን ነቅሎ፣ መሬት ላይ አጋድሞ፣ ባንዱ አፍ ውሃ ለቀቀበት። በሌላው በኩል ጠብ አላለም። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ጎረጎረው፣ ገለበጠው፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ነካካው። ያኔ ጭቃው መውጣት ጀመረ። ዝገት መስሎኝ ነበር። ዝገት ግን ቀይ ነው፤ ይሄ አመድማ፣ አሸዋ ያለበት፣ የሚገማ ዝቃጭ ነው። የሣር ሥርና የበግ ፀጉር ተቀላቅሎበታል።

ባሌ በጣቱ አንስቶ አሸተተው። "ይሄን ውሃ ብለው ነው የሞሉት?" አለ። "ከየት ነው የቀዱት፣ ጠይቂያቸው።"

ጠየቅኩ። ሰውዬው ከጋቢናው ካርታ አውጥቶ ዘረጋ። ጣቱ ከአስመራ ተነስቶ ወረደ፤ መቀሌን አለፈ፣ ቆቦን አለፈ፣ ወልድያ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

"እዚህ" አለ። "ድልድይ አለ። ወንዝ እናገኛለን ብለን ነበር፣ ወንዝ የለም። ሰዎች አሸዋውን ቆፍረዋል። ከዚያ ጉድጓድ ነው የቀዳነው።"

ድልድዩን አውቀዋለሁ። ከሥሩ ልብስ አጥቤ ያደግኩበት ወንዝ ነው። በድርቁ ወራት እንኳ ጉልበቴ ይደርስ ነበር።

"ተሳስተሃል" አልኩት። "ይሄ ወንዝ አይደርቅም።"

አልተከራከረኝም። አየኝ፣ ከዚያ ሆዴን አየ፣ ካርታውን አጠፈው። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

የመኪናዋ በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቆማ "ንገራት" አለችው። እሱ ካርታውን ወደ ጋቢናው መለሰ። እሷ ነገረችኝ።

"መኪናው ሲቆምብን የምንጠጣው ሁለት ጀሪካን ውሃ ነበረን። ሰዎቹ ከየት እንደመጡ አላየንም። አልጮኹም፤ መጥተው ቆሙ። አንዲት ሴት ጣሳ ዘረጋችልን። እሱ ውሃውን ሞተሩ ውስጥ ጨመረው። ሁለቱንም ጀሪካን። እነሱ እያዩ።"

"ባልጨምር እዚያው እንቀር ነበር" አለ ባሏ።

"እሱም አልበቃም" አለች። "እነሱ ከቆፈሩት ጉድጓድ ደግሞ ቀዳን።"

ባሌ ከመሬት ቀና ብሎ "ምን አለች?" አለኝ። "ውሃ ቸግሯቸው ነበር" አልኩትና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ሰፈራችን ውስጥ በዚያ መስመር የሚሠሩ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የአባቴም የባሌ አባትም ወዳጅ ናቸው፤ ያጋቡንም እሳቸው ናቸው። ደርሰው በተመለሱ ቁጥር የአባቴን ሰላምታ፣ አንዳንዴም ማር ያመጡልኛል። ሦስት ወር ሆናቸው፣ "ሌሊት ስላለፍኩ አላገኘኋቸውም" ማለት ከጀመሩ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሳያቸው ድንገት ሱቅ ገብተው ነበር፤ ያላዩኝ መስሎኝ አልፌያለሁ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያዩት?"

"ነገርኩሽ እኮ ልጄ፣ ሌሊት ነው የማልፈው..."

"ወንዙ ደርቋል?"

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። "ማነው የነገረሽ?"

"ፈረንጆች ናቸው።"

"ድምፅሽን ቀንሺ" አሉ፣ ግራ ቀኙን አይተው። "ጆሮ ጠቢ ሞልቷል። ከእኛ አንዱ ሾፌር እዚያ ያየውን አውርቶ ተወስዷል፣ እስካሁን አልተመለሰም።"

"አባቴስ?"

"ያኔ በሕይወት ነበሩ። ከብቱ አልቋል። 'ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትደነግጥብኛለች፣ እንዳትነግራት' ብለው አስማሉኝ። ወላሂ አስማሉኝ።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"ከዚያ ወዲህ አልቆምኩም።" ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። "መቆም አልቻልኩም ልጄ። መኪናውን ይከቡታል።"

ቤት ተመልሼ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት፣ የጀሪካኑንም ጭምር። ሥራውን ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን እሳቱን አናፋ፣ የተሸነቆረውን በየደ፣ ራዲያተሩን በርሜል ውስጥ ነክሮ አየር ነፋበት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋገመው።

"ለምን ትሠራላቸዋለህ?" አልኩት።

"ካልሠራሁት እዚሁ ይቀመጣሉ" አለ። "ደጄ ላይ ላያቸው አልፈልግም።"

በማግስቱ ጠዋት ሊሄዱ ሲሰናዱ ሴትዮዋን "ወደኋላ መልሱኝ፣ እዚያ ድልድይ ጋ ብቻ አድርሱኝ" ብዬ ለመንኳት። ባሏን አየችው። "በዚያ መንገድ አንመለስም" አለ፣ እኔን ሳያየኝ። እሷ ጣሪያው ላይ ወጥታ ሁለቱን ጀሪካን አወረደች፣ ከውስጥ ሩዝና ብስኩት አወጣች፣ በራችን ላይ ደረደረችውና ገባች። መኪናዋ ወደ አምቦ መንገድ ስትታጠፍ መጋረጃዎቹ እንደተዘጉ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ባሌ ጀሪካኖቹን ሞልቶ፣ እህሉን ይዞ ከሾፌሩ ጋር ሄደ። "እኔ ነኝ የምወስደው" ያሉት ራሳቸው ናቸው።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ። ጎረቤቶቼ ምግብ ያመጡልኛል፣ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፣ ስለዚያ አገር ግን አንዲት ቃል አያነሱም። ገበያ ላይ፣ ከሰሜን በእግር የመጡ ሰዎችን ከተማው ዳር ላይ ፖሊስ እየመለሳቸው ነው ሲባል ሰማሁ፤ የተናገረችው ሴት ዞር ስል ዝም አለች። አንድ ቀን ኮት የለበሰ፣ የማላውቀው ሰው በሩን አንኳኳ።

"ፈረንጆች መጥተው ነበር አሉ። ካሜራ ይዘዋል? ምን አወሩሽ?"

"ስለ ራዲያተር" አልኩት።

"ባልሽስ የት ሄደ?"

"ለሥራ።"

ግቢውን በዓይኑ ዞረው። ቆርቆሮው ሥር የደረቀውን የጭቃ ክምር በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ሲቆም በሰማሁ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ እይዝ ነበር።

ባሌ የመጣው ወደ ማምሻው፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ከመንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ጀርባው ላይ አንድ ነገር አዝሏል። የልብስ ጥቅል መሰለኝ። ሲቀርብ እናቴ ናት። የእኔን እናት፣ እንሥራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት የምትወጣውን ሴት፣ አንድ እጁ ብቻ ደግፎ ይዟታል።

"አባቴስ?" አልኩ።

ባሌ ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ አፏን የፈታችው ከሰነበተች በኋላ ነው። አባቴ "መኪና ከመጣ ልለምን" ብሎ ወደ ድልድዩ ወርዶ ነበር። እዚያው ሲጠብቅ ቀረ፤ የቀበሩትም የማያውቁት ሰዎች ናቸው። የትኛው ቀን እንደወረደ ነገረችኝ። ፈረንጆቹ እዚያ የቆሙበትን ቀን እኔ አላውቅም፤ ሴትዮዋን ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። በልቤ ብዙ ጊዜ አሰላሁት፤ አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም። ለእናቴ ስለዚያች መኪና አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ሾፌሩ ለለቅሶ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ይዘዋል፣ ግን አይገቡም። እኔ ከጓዳ አየኋቸው፤ ግቡ አላልኳቸውም። እናቴ ናት ግድግዳውን ተደግፋ የተነሳችው።

"አባቷ አስማለህ፣ አንተም ቃልህን ጠበቅክ" አለቻቸው። "ግባ፣ ቁጭ በል።"

ገቡና አለቀሱ። እሷም አብራ አለቀሰች። እኔ ጓዳ ውስጥ ቀረሁ። ልጄን ወልጄ፣ ልጄም ድክ ድክ ማለት እስክትጀምር ድረስ ሰላም አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አንድም ቀን አልተቀየሙኝም።