እንፋሎት ለማስረጃ፦ ከዳባት እስከ ፍል ውሃው

ረቡዕ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ዳባት

ፎቶ ቤቴን ቆልፌ ስወጣ ዳባት ገና ዓይኗን አልገለጠችም። ካሜራው አንገቴ ላይ፣ ትራይፖዱ ብብቴ ውስጥ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት በጎችና አንድ የሽቦ አልጋ ቀድመውኝ ገብተዋል። ሾፌሩ ትራይፖዱን አየና፣ "ይኼ ለብቻው ይከፍላል፤ ሦስት እግር አለው" አለኝ። በጎቹ አራት አራት እግር ይዘው በነፃ መሄዳቸውን ብነግረው፣ "እነሱ ደንበኞች ናቸው" ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ረቡዕ፣ 2 ሰዓት፣ ደባርቅ

አያ ታከለ ጋቢያቸውን ተከናንበው መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኛል። ከሊማሊሞ በታች ያለች መንደር ሽማግሌ ናቸው፤ የቀጠሩኝም እሳቸው። ፍርፍር እየበላን ነገሩን አስረዱኝ። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ታመዋል፤ የሚሻላቸው ፍል ውሃው ሲነካቸው ብቻ ነው። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ግን በቃሬዛ ነው። መንደሩ እስከ ውሃው መንገድ እንዲጠረግለት ሲያመለክት የወረዳው መንገድ ቢሮ፣ "ውሃው ፍል መሆኑ በፎቶ ይረጋገጥ" አለ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!

አምና በስልክ አንሥተው አስገብተዋል። ፎቶው ላይ አርባ ሰው ተሰልፏል፤ ውሃው ከኋላቸው ነው። "ውሃው የታለ?" ተብሎ ተመለሰ።

"ዘንድሮም ቢመልሱት፣ ልጄ፣ ቃሬዛውን የሚሸከሙትም አርጅተዋል" አሉኝ። አሳዘኑኝ። በጭነት መኪና ተሳፍረን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወረድን፤ እሳቸው ቤት አደርኩ።

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ፍል ውሃው

እንፋሎት ደምቆ የሚታየው አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ፀሐይ ከሞቀች ተራ ኩሬ ይመስላል። ፎቶ ለማንሣት የምትመጡ ሁሉ፣ ካሜራችሁን ከቦርሳ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት አየሩን አስለምዱት። እኔ ቸኮልኩና ሌንሱ ባንዴ ጭጋግ ለበሰ። አያ ታከለ አዘኑልኝና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ጫፉ ቅቤ ነክቶት ኖሯል። ያንን ለማስለቀቅ ፍዳዬን አየሁ።

ቀጥሎ ምስሉን በራሱ የሚያጠራው አውቶፎከስ እምቢ አለ። እንፋሎት መያዣ የለውም፤ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ወደ ማንዋል ቀየርኩና በእጄ አስተካከልኩት፤ የብርሃን ቀዳዳው አፐርቸር ስምንት፣ አይኤስኦ አራት መቶ። ሻተሩን አፈጠንኩት፤ ቢዘገይ እንፋሎቱ ቅርጹ ይጠፋል። ለፎከስ የሚሆን ጠርዝ ሳጣ አያ ታከለን ከነዣንጥላቸው ውሃው ዳር አቆምኳቸውና ምስሉን በዣንጥላው ላይ አጠራሁ።

ቀና ስል መንደሩ በሙሉ የታጠበ ልብሱን ለብሶ በካሜራውና በውሃው መካከል ተሰልፏል። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጥርሱን የሚያሳይ የለም።

"ሰው የሌለበት ፎቶ የጠፍ አገር ፎቶ ነው" አሉ አንዲት አሮጊት።

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አስወጣኋቸው። መጨረሻ የቀሩት አያ ታከለ ናቸው።

"ካሜራው እኔን አይቶ ከጠራ በኋላ እኔኑ ውጣ ማለት ምን ይሉታል?"

"የእርስዎ ሥራ አልቋል፣ አያ።"

"በል እንግዲህ፣ እንደ ችካል ንቀለኝ!"

ፀሐይ ሳትቀድመኝ አነሣሁት። ውሃው ቁልጭ፣ እንፋሎቱ ቁልጭ። በራሴ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ደባርቅ

ዳገቱን ስንወጣ አያ ታከለ ጉያቸው ውስጥ ፔርሙዝ ይዘዋል። ብርዱ አጥንቴ ሲገባ እንኳ አንድ ስኒ ሻይ አላሉኝም። ተቀየምኳቸው።

ፎቶውን ከተማው ውስጥ አሳጥበን ቢሮ ገባን። አንድ ባለመነጽር ባለሙያ ገለበጠው፣ አቀናው።

"እንፋሎቱ ጥሩ ነው። ተጠቃሚው ሕዝብ ግን የታለ? ሰው ለሌለበት ቦታ መንገድ አይጠረግም።"

መንደሩን በሙሉ ያባረርኩት እኔ ነኝ! የአያ ታከለ ባለቤት በእኔ ጥፋት ሌላ ዓመት በቃሬዛ ሊወርዱ ነው ብዬ አፈርኩ።

አያ ታከለ ፔርሙዛቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ከፈቱት። ሻይ አልነበረም። ድኝ ድኝ የሚል እንፋሎት ተነሥቶ የሰውዬውን መነጽር ሸፈነው።

"ውሃው ይኸው። ሕዝቡም ይኸው ቆሜያለሁ። አየኸው፣ ልጄ?"

"ምንም አይታየኝም!"

"አምጣው፣ ልጥረግልህ" አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉ። ያችኑ ጫፍ። ልናገር አልኩና አፌን ያዝኩ።

ሰውዬው መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ የባሰ ጨለመበት። አንዴ ወደ እንፋሎቱ፣ አንዴ ወደ አያ ታከለ ድምፅ ዞረ።

"ይሁን፣ አባት። የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለ።

አያ ታከለ እጁን ይዘው የመንገዱ ማመልከቻ ላይ፣ ከፊርማው ቦታ አኖሩለት።